ለጣና ዳር እናቶች የጓሮ አትክልት ወረቀት እያዘጋጀሁ ነው፤ ቃላቱን አስተካክሉልኝ

የመንዝ ልጅ (ጠያቂ)፦
ጤና ይስጥልኝ። የልማት ጣቢያ ሠራተኛ ነኝ። ያደግሁት መንዝ ነው፤ አሁን ደምቢያ ውስጥ፣ ከጎርጎራ ብዙ በማይርቅ የጣና ዳር ቀበሌ ተመድቤያለሁ። እዚህ ወንዶቹ መረብና ታንኳ ላይ ናቸው። ጓሮውን በአብዛኛው ሴቶቹ ይይዙታል። ለእነሱ የአንድ ገጽ ወረቀት ጻፍኩ፦ "መረሬ አፈር ላይ መደብ ሥሩ፤ ውሃ እንዳይተኛ ማንጣፈፊያ አውጡ፤ ብስባሽ ጨምሩ።" ሳነብላቸው ተያይተው ሳቁ። እነሱ የሚሉት ሌላ ነው፦ ባሕር ሸሽ፣ ዋልካ፣ ፈሰስ፣ አዛባ፣ ባሕር ማሽላ። ግማሹን ገምቻለሁ። በግምት ግን ወረቀት አይባዛም። እባካችሁ አግዙኝ።

ደምቢያዊት፦
እንኳን ደህና መጣህ ወንድሜ። ያሳቃቸው "መደብ" ሳይሆን አይቀርም። መደብ ስትላቸው ቤት ውስጥ በጭቃ ተሠርቶ የሚተኛበት ነው የሚታያቸው። "አፈሩን ከፍ አድርጋችሁ፣ ወርዱን 1 ሜትር አድርጋችሁ" ብለህ ጻፍ። ከ1 ሜትር ከሰፋ ከሁለቱም ጎን ቆመው መሃሉን ለማረም እጅ አይደርስም፤ መርገጥ ይመጣል።

ዋልካ ያንተው መረሬ ነው። ሲርስ እግር ይይዛል፣ ሲደርቅ ይሰነጠቃል። ፈሰስ ትርፍ ውሃ የሚወጣበት ቦይ ነው። "ማንጣፈፊያ" የቢሮ ቃል ስለሆነ ተወው። አዛባ ደግሞ ከበረት የሚዛቅ፣ ከሽንትና ከገለባ የተደባለቀ እበት ነው። ትኩሱን ችግኝ ሥር ካደረጉት ያቃጥላል፤ እንዲብላላ ጉድጓድ ውስጥ ይክረም በላቸው።

ፎገሬው፦
ባሕር ሸሹን ለእኔ ተዉልኝ። እኛ ጋ ጣና "ባሕር" ነው። "ሐይቅ" የሚለው ጋዜጠኛና መንግሥት ነው። ውሃው ክረምት ሲወጣ፣ መስከረምና ጥቅምት ላይ ሞልቶ ይቆምና ከዚያ እስከ ሰኔ ድረስ እየቀነሰ ይሄዳል። ሲሸሽ ትቶት የሚሄደው እርጥብ መሬት ባሕር ሸሽ ይባላል። ሽንብራ፣ ጓያ፣ ባሕር ማሽላ በዚያ በቀረው እርጥበት ብቻ ይበቅላል።

አንተ "ጓሮ" ስትል የቤቱን ጀርባ ነው የምታስበው። እዚያ ዳር የሚኖሩ ብዙ ሴቶች ግን ጎመንና ሽንኩርታቸው ባሕር ሸሹ ላይ ነው። ስለዚህ ወረቀትህ ሁለቱን ለየብቻ ማንሳት አለበት። የቤት ጀርባው ውሃ ማጠጣት ይፈልጋል። ባሕር ሸሹ ዋናው ነገሩ ጊዜ ነው፤ ቶሎ ከዘሩ ዘሩ ይበሰብሳል፣ ከዘገዩ መሬቱ ይደርቃል።

ባሕር ማሽላ በቆሎ ነው። ጣና ዳር ስለሚበቅል እንዳይመስልህ፤ ከባሕር ማዶ የመጣ ለማለት ነው፣ እንደ ባሕር ዛፍ።

የዘጌ ቡና፦
ወረቀቱን ለጣና ዙሪያ ሁሉ እንዳታደርገው ብቻ። ዘጌ ከመጣህ "እርሻ"፣ "ትልም"፣ "ጥማድ" አይሠሩልህም። እኛ ጋ በሬ አይጠመድም፤ በትውፊት ከአቡነ በትረ ማርያም ዘመን ጀምሮ የተከለከለ ነው። ቡና፣ ጌሾና ሎሚ ነው ያለን፤ ሁሉም በእጅ ይኮተኮታል። ደግሞ እኛ ባለንበት በጎጃም በኩል መሬት በ"ቃዳ" ነው የሚለካው። ካሬ ሜትር ብለህ ከጻፍክ ማንም አይለካልህም። በእርምጃ አድርገው።

የመንዝ ልጅ፦
እግዜር ይስጥልኝ። ሁለት ነገር ልጨምር። አንድ፣ "ጉልጓሎ" የምትለዋን አንዷ ለአረም፣ ሌላዋ ለመሬት ማላላት ስትጠቀምባት ሰማሁ። የቱ ነው? ሁለት፣ የዓሣ ሆድቃና እንቦጭ ለብስባሽ ይሆናሉ ወይ ብለው ጠይቀውኛል።

ደምቢያዊት፦
ጉልጓሎ ሁለቱንም ነው፤ እንደየሰፈሩ ይለያያል። አደጋ ላይ አትውደቅ፣ "አረሙን ከነሥሩ ነቅላችሁ" በል፤ ይገባል። በቆሎው ጉልበት ድረስ ሲያድግ በበሬ መሃል ለመሃል የሚታረሰው ግን ሽልሻሎ ነው። እሱ የወንድ ሥራ ነው፣ ወረቀትህ ውስጥ ባይገባም ቅር አይለንም 😊

ጡረተኛው አግሮኖሚስት፦
የዓሣ ሆድቃ ግሩም ነው፤ ናይትሮጂንም ፎስፈረስም አለው። ግን ክንድ ያህል ጉድጓድ ውስጥ ይቀበር፣ ላዩ ላይ አመድና አፈር ይደረግበት። አለዚያ ውሻና ጅብ ሌሊቱን ጓሮውን ሲምሱ ያድራሉ፤ ጎመኑም አይተርፍም።

እንቦጭ ላይ ተጠንቀቅ ልጄ። ሳያብብ ከታጨደና ፀሐይ ላይ በደንብ ከደረቀ ይሆናል። ያበበው ዘር ይዞ ይመጣል፤ ዘሩ አፈር ውስጥ ብዙ ዓመት ሳይሞት ይቆያል። ውሃው በሚደርስበት ባሕር ሸሽ ላይ ያንን ብስባሽ ማድረግ እንቦጩን በእጅ መልሶ መትከል ነው። ለቤት ጀርባ ብቻ በላቸው።

ፎገሬው፦
ስለ ተባይ መድኃኒትም አንድ መስመር አስገባ። የሽንኩርት ሰው ያለ ልክ ይረጫል፤ እኔም ጎረቤቶቼን አውቃለሁ። አምባዛ ክረምት ሲገባ ዕንቁላሉን የሚጥለው በዚያው ውሃ በተኛበት ሣራም ዳርቻ ላይ ነው። ባሏ የሚያጠምደውን ዓሣ እሷ ዳር ላይ ትመርዘዋለች ማለት ነው። "ዓሣው ይሞታል" ካልካቸው ከየትኛውም ሥልጠና በላይ ይሰማሉ። ደንገሉንም ለጎመን ብለው አይመንጥሩት፤ ታንኳው ከምን ይሠራል?

የመንዝ ልጅ፦
እንዲህ አስተካከልኩት፦ "ዋልካ ላይ አፈሩን ከፍ አድርጉ፣ ወርዱ አንድ ረጅም እርምጃ ይሁን። ዙሪያውን ፈሰስ አውጡ። የተብላላ አዛባ ማዳበሪያ ጨምሩ። ባሕር ሸሹ ላይ መድኃኒት አትርጩ፣ ዓሣው ይሞታል።" ይሄዳል?

ደምቢያዊት፦
ይሄዳል። "ማዳበሪያ" የሚለውን ብቻ አውጣው። ግማሾቹ ዩሪያ ግዙ ያልካቸው ይመስላቸዋል፤ ግማሾቹ ደግሞ ጆንያውንም ማዳበሪያ ስለሚሉት አንድ ጆንያ አዛባ ነው የሚረዱት። "የተብላላ አዛባ" ይበቃል፤ ልኩንም በቅርጫት ንገራቸው።