ሊቀመንበር ሆኜ ትሑት መሆን አቃተኝ

ባሕር ዳር ያለው የዓሣ አጥማጆች ማኅበራችን ሊቀመንበር አድርጎ መረጠኝ። አባቴን የሚያክሉ ሰዎች ስመጣ ከመቀመጫቸው ይነሣሉ፤ ያሳፍራል። ስለዚህ እንደ ድሮው መረብ እጎትታለሁ፣ ቆሮሶ ዓሣ አጸዳለሁ፣ የሊቀመንበር አበሉንም ትቼዋለሁ። ከመጽሐፍ ቅዱሱ ነህምያ ነው የወሰድኩት፤ 12 ዓመት ገዥ ሆኖ የገዥ ቀለብ አልበላም (ምዕራፍ 5)።

ችግሩ፣ አሁን ማንም አይሰማኝም። ክረምት ላይ ነጭ ዓሣ ሊራባ ወደ ጉማራ ወንዝ ሲወጣ ወንዙ አፍ ላይ መረብ አትጣሉ ስላቸው "አንተ ልጅ፣ ይልቅ ና ቡና ጠጣ" ብለው ይስቃሉ። አንዱማ ዓይኔ እያየ ጣለ። ልቅጣ ስል የሰሎሞን ልጅ ንጉሥ ሮብዓም ትዝ ይለኛል፤ የሽማግሌዎችን ምክር ንቆ በጭካኔ መልሶ አሥሩን ነገድ አጣ። ነህምያ ግን ወለድ የሚበሉትን መኳንንት በጉባኤ ፊት ገሥጿል።

ታዲያ በዕድሜ የሚበልጠኝን ሰው ሳላዋርድ ሕጉን እንዴት ላስከብር?