ቦይለራችን ከገና ዋዜማ ጀምሮ አይሠራም፤ አከራዩ ድርጅት ግን «ተጠግኗል» ብሎ መዝግቦታል

እናት ከደቡብ ለንደን፦

ወገኖቼ፣ ሰላም ለእናንተ ይሁን። የምኖረው በአንድ የሀውዚንግ አሶሲዬሽን (በዝቅተኛ ኪራይ ቤት የሚያከራይ ማኅበር) ቤት ውስጥ ነው። ሁለት ልጆች አሉኝ፤ ትንሹ ገና ዓመት አልሞላውም። አስም ያለባት እናቴም አብራን ትኖራለች። ቦይለሩ የጠፋው ለገና ዶሮ ስንሠራ ነው። ከዚያ ወዲህ ራዲያተሮቹ ቀዝቃዛ ብረት ናቸው፤ የሞቀ ውኃ የሚባል ነገር የለም። ልጆቹን የማጥበው በትልቁ የወጥ ድስት ውኃ አፍልቼ በሳፋ ነው። የፈላ ድስት ይዞ ሕፃን በሚድህበት መተላለፊያ ማለፍ ምን ያህል እንደሚያስፈራ እናት የሆነች ታውቀዋለች።

ስልክ ደውዬ አስመዘገብኩ። ከቆይታ በኋላ አንድ ሠራተኛ መጣ። ከቦይለሩ ሥር ያለውን መሙያ ከፍቶ ውኃ ጨመረበት፤ የግፊት መለኪያው ወደ 1.5 ሲወጣ እሳቱ ተነሣ፤ ስልኩ ላይ አስፈርሞኝ ሄደ። ያን ዕለት ማታ ቤቱ ሞቀ። ጠዋት ስንነሣ ጠፍቷል። መልሼ ስደውል «በእኛ መዝገብ ሥራው ተጠናቋል፤ እንደ አዲስ አስመዝግቢ» አሉኝ። የሰጡኝ ቀጠሮ ደግሞ ከጥምቀት በኋላ ነው።

አንድ ያስተዋልኩት ነገር አለ። ቦይለሩ ሲበራ መርፌው እየወጣ፣ እየወጣ 3 ቁጥር ጋ ይደርስና ቀዩ ውስጥ ይገባል። ሲቀዘቅዝ ደግሞ ወደ ዜሮ ይወርዳል። በውጭ በኩል ከወጥ ቤቱ ግድግዳ የወጣች ቀጭን የመዳብ ቧንቧ አለች፤ ከሥሯ ያለው ጡብ ዘወትር እርጥብ ነው፣ አረንጓዴ መስመርም ሠርቶበታል። ይህን ለሠራተኛው ነገርኩት፤ ወጥቶ ለማየት ግን ጊዜ አልነበረውም።

እናቴ «ቤት የሰጠሽን አካል እንዴት ትከሻለሽ? ቢያስወጡሽስ?» ትለኛለች። ጎረቤቴ በበኩሏ «ኪራይ መክፈል አቁሚ፣ ያኔ በሩጫ ይመጣሉ» አለችኝ። በሁለቱ መካከል እንቅልፍ አጥቻለሁ። መብቴ እስከ ምን ድረስ ነው? ምን ብዬ ብጽፍላቸው ነው የሚሰሙኝ? በዚህ ያለፈ ሰው ካለ እባካችሁ ንገሩኝ።

ሰላም ከሊድስ፦

እኅቴ፣ አይዞሽ። እኔ የካውንስል (የአካባቢው መስተዳድር) ቤት ተከራይ ነኝ፤ ባለፈው ክረምት በልጆቼ ላይ ይኸው ደርሶብናል። እኔን የረዳኝ «ራይት ቱ ሪፔር» (የጥገና መብት) የሚባለው ደንብ ነው። ከ1994 ጀምሮ ያለ ደንብ ነው። ከኦክቶበር 31 እስከ ሜይ 1 ባለው ጊዜ ማሞቂያ ወይም የሞቀ ውኃ ከጠፋ በአንድ የሥራ ቀን ውስጥ መጠገን አለበት፤ በበጋ ሦስት የሥራ ቀን ነው። በጊዜው ካልመጡ ሌላ ጠጋኝ እንዲልኩ ትጠይቂያለሽ፤ እሱም ከዘገየ 10 ፓውንድ፣ ከዚያ በየቀኑ 2 ፓውንድ እየተጨመረ እስከ 50 ፓውንድ ድረስ ካሣ አለው። ጥገናው ግን ከ250 ፓውንድ የማይበልጥ መሆን አለበት። በርቺ!

የጋዝ ባለሙያ፣ በርሚንግሃም፦

እኅቴ፣ የጻፍሽው ነገር ራሱ ምርመራ ነው። ያ ሠራተኛ ያንን ቧንቧ ወጥቶ ቢያይ ኖሮ ሥራው በዚያው ቀን ያልቅ ነበር።

ውኃ ሲሞቅ ይሰፋል። የሚሰፋበት ቦታ እንዲያገኝ በአብዛኞቹ ቦይለሮች ውስጥ ኤክስፓንሽን ቬስል የሚባል የብረት ዕቃ አለ። መሐሉን ላስቲክ ይከፍለዋል፤ በአንድ በኩል ውኃ፣ በሌላው በኩል የታመቀ አየር ነው። አየሩ ሲያልቅ ወይም ላስቲኩ ሲቀደድ ውኃው የሚሄድበት ያጣል፤ ግፊቱም ወደ 3 ባር ይወጣል። 3 ሲደርስ ማስተንፈሻው ቫልቭ ተከፍቶ ውኃውን ወደ ውጭ ያፈሳል። ያየሻት የመዳብ ቧንቧ የዚህ ቫልቭ መውጫ ናት። ሲቀዘቅዝ የፈሰሰው ውኃ ስለሌለ ግፊቱ ይወድቃል፤ ቦይለሩም ራሱን ይቆልፋል። ስለዚህ ውኃ መሙላት ለአንድ ሌሊት ብቻ ነው የሚያገለግለው። እንዲያውም አዲስ ውኃ በተጨመረ ቁጥር አዲስ ኦክስጅን ይገባል፣ የራዲያተሮቹን ሆድ ያዝገዋል።

መርፌው ቀዩ ላይ ሳለ አንድ ፎቶ፣ ዜሮ አጠገብ ሳለ አንድ ፎቶ፣ እርጥቡን ጡብ ደግሞ አንድ ፎቶ አንሺ። «ኤክስፓንሽን ቬስሉና ማስተንፈሻው ቫልቭ ይፈተሹልኝ» ብለሽ ጻፊ። ይህን ያነበበ ክፍል ውኃ ሞልቶ የሚሄድ ሰው መልሶ ለመላክ ይቸገራል። አንቺ ግን ክዳኑን ከቶ እንዳትከፍቺ፤ ያንን መንካት የሚችለው በጋዝ ሴፍ፣ ማለትም በጋዝ ባለሙያዎች መዝገብ፣ የተመዘገበ ሰው ብቻ ነው። ሲመጣ መታወቂያውን ጠይቂው። ፎቶው ያለበት ካርድ ይይዛል፤ በጀርባው ምን ዓይነት ዕቃ እንዲነካ እንደተፈቀደለት ተጽፏል።

አንድ ነገር ደግሞ በጣም አደራ። ቤቱን ለማሞቅ ተብሎ የጋዝ ምድጃ ክፍቱን እንዳይተው፤ የቡና ከሰልም ክፍል ውስጥ እንዳይገባ። ካርቦን ሞኖክሳይድ ሽታ የለውም። ከኦክቶበር 1 ቀን 2022 ጀምሮ ቦይለር ባለበት ክፍል የዚህን ጋዝ መኖር የሚያስጠነቅቅ አላርም ማስገባት የአከራዩ ግዴታ ነው። ከሌለሽ እሱንም ጨምረሽ ጻፊ። የጋዝ ሽታ ከመጣ ደግሞ ቀጠሮ አትጠብቂ፤ መስኮት ከፍታችሁ ውጡና 0800 111 999 ደውሉ።

አስተርጓሚ ከሰሜን ለንደን፦

ሥራዬ ለወገኖቻችን በካውንስልና በሆስፒታል ማስተርጎም ነው። ስለ ቤት ጥገና በሚደረጉ ንግግሮች መካከል ለዓመታት ተቀምጫለሁ፤ የእናትሽን ቃል ብዙ ጊዜ ሰምቼዋለሁ። ልቤን የሚያቃጥለው እሱ ነው። እናቶቻችን በክፉ ቀን መጠለያ የሰጠን አገር ላይ ቅሬታ ማንሣት ነውር ይመስላቸዋል። ይሉኝታቸውን አከብራለሁ፤ ከመልካም ልብ የመጣ ነው። ነገር ግን አንቺ ኪራይ ትከፍያለሽ። ማሞቂያውና ውኃ ማሞቂያው እየሠሩ እንዲቆዩ ማድረግ በ1985ቱ የአከራይና ተከራይ ሕግ አንቀጽ 11 የአከራዩ ግዴታ ነው። ማንም ውለታ አልዋለልሽም። ፍርድ ቤት ሳይወስን ማንም ከቤትሽ አያስወጣሽም፤ «ቦይለሬ ተበላሸ» ማለት ደግሞ ማስወጫ ምክንያት ሆኖ አያውቅም።

ማስወጫ የሚሆነው ጎረቤትሽ የመከረችሽ ነው። ውዝፍ ኪራይ በሕግ የታወቀ የክስ ምክንያት ነው። እኅቴ፣ እባክሽ ኪራይሽን በቀኑ ክፈዪ።

የሊድሷ እኅታችን የጠቀሰችው ደንብ ለካውንስል ተከራዮች የወጣ ነው። አንቺ የሀውዚንግ አሶሲዬሽን ተከራይ ስለሆንሽ በዚያ ብትከራከሪ «አይመለከትሽም» ይሉሻል። ለአንቺ የሚበልጥ አለ። አዋብ ኢሻቅ የሚባል የ2 ዓመት ሕፃን በዲሴምበር 2020 ሮችዴል ውስጥ በሻጋታ በተወረረ የሶሻል ሀውዚንግ ቤት ኖሮ ሞተ። ወላጆቹ ከሱዳን የመጡ ናቸው፤ የጎረቤት አገራችን ልጅ ነው። አባቱ ደጋግሞ አመልክቶ ነበር። በልጁ ስም የተጠራው የአዋብ ሕግ ከኦክቶበር 27 ቀን 2025 ጀምሮ በእንግሊዝ ይሠራል፤ የካውንስልንም የሀውዚንግ አሶሲዬሽንንም ቤቶች ይይዛል። አስቸኳይ አደጋ መኖሩን አከራዩ ካወቀ በ24 ሰዓት ውስጥ መርምሮ አደጋውን ማስወገድ አለበት፤ ካልቻለ በራሱ ወጪ ተስማሚ ማረፊያ ማቅረብ አለበት። የተበላሸ ቦይለር በመንግሥት መመሪያ ውስጥ በምሳሌነት ከተጠቀሱት አንዱ ነው። አስቸኳይነቱ የሚመዘነው ግን በቤቱ ውስጥ ማን እንዳለ ታይቶ ነው። ስለዚህ ዓመት ያልሞላው ሕፃን እንዳለ፣ እናትሽ አስም እንዳለባት፣ የፈላ ውኃ በድስት እንደምትሸከሚ በግልጽ ጻፊ። የእኛ ሰው ስልክ ላይ «ደኅና ነን፣ ብቻ ትንሽ ይበርዳል» ይላል። እኔም ያንኑ ቃል በቃል ከመተርጎም በቀር ምን ላደርግ እችላለሁ?

ሌላው ትልቅ ነገር፦ ደጋግሞ መደወል የጥገና ጥያቄ ሆኖ ሊመዘገብ ይችላል። ኢሜይል ጻፊና በመጀመሪያው መስመር «ይህ ፎርማል ኮምፕሌይንት፣ ስቴጅ ዋን ነው» (መደበኛ ቅሬታ፣ አንደኛ ደረጃ ማለት ነው) በዪ። ከዚያ በኋላ ሰዓቱ ይቆጥርባቸዋል፤ በ5 የሥራ ቀን ቅሬታሽን መቀበላቸውን ያሳውቃሉ፣ ከዚያ በ10 የሥራ ቀን መልስ ይሰጣሉ። መልሱ ካላረካሽ ሁለተኛው ደረጃ 20 የሥራ ቀን አለው። እሱም ካለቀ፣ ወይም በጊዜው ካልመለሱ፣ ወደ ሀውዚንግ ኦምቡድስማን ትሄጃለሽ። አገር ቤት እንባ ጠባቂ እንደምንለው ነው፤ ክፍያ የለውም፣ ጠበቃም አያስፈልገውም፤ አከራዩ እንዲጠግን፣ ይቅርታ እንዲጠይቅና ካሣ እንዲከፍል ያዛል። በር እያንኳኩ «ክሱን ካላሸነፍን አንከፈልም» የሚሉ የክስ ድርጅቶች የሚያቀርቡልሽን ወረቀት አንብበሽ ሳትረጂ እንዳትፈርሚላቸው።

እንግሊዝኛው ከከበደሽ አስተርጓሚ ጠይቂ። ልጅሽን አታስተርጉሚ፤ ሕፃን ልጅ የእናቱን ጭንቀት በአፉ መሸከም የለበትም።

ከግላስጎ፦

ስኮትላንድ ያላችሁ ይህን ስታነቡ ልብ በሉ፤ የአዋብ ሕግ የተባለው የእንግሊዝ ነው፣ እንባ ጠባቂውም እዚህ ሌላ ነው። ቅሬታን በጽሑፍና በደረጃ ማቅረቡ ግን እዚህም ያው ነው።

እናት ከደቡብ ለንደን፦

እግዚአብሔር ይስጣችሁ። ኢሜይሉን ፎቶዎቹን አያይዤ ላክሁ፤ ስለ እናቴና ስለ ሕፃኑም ምንም ሳልሸሽግ ጻፍኩ። በማግስቱ ጠዋት አንዲት ሴት ደወለች። በስልክ ስትናገረኝ ኢሜይሌን ፊቷ ከፍታ እንደምታነብ ያስታውቅ ነበር፤ ስለ ኤክስፓንሽን ቬስሉ የጠየቀችኝ እሷ ናት። ከሰዓት በኋላ ሁለት የኤሌክትሪክ ማሞቂያ አመጡልን። ዕቃው ታዟል፣ ባለሙያውም በዚህ ሳምንት ይመጣል ተብያለሁ። እናቴ አንዱን ማሞቂያ እግሯ ሥር አድርጋ ተቀምጣለች፤ አሁንም ግን «አመስግኛቸው እንጂ» ትለኛለች። ማመስገኑንስ አመሰገንኩ። ቅሬታዬን ግን አልተውም፤ «ተጠግኗል» ብለው የመዘገቡት ሐሰት ነውና መልስ እፈልጋለሁ።

አንድ ጥያቄ ቀረኝ። የኤሌክትሪኩ ቆጣሪ ካርድ የሚሞላ ነው፤ በእነዚህ ማሞቂያዎች ገንዘቡ ሲሮጥ ይታየኛል። ይህንስ ማን ይከፍለዋል?

አስተርጓሚ ከሰሜን ለንደን፦

እነሱን ጠይቂ። የቆጣሪውን ቁጥር ዛሬውኑ ፎቶ አንሺ፣ ቦይለሩ የሚጠገንበት ዕለትም አንሺ፣ የሞላሽበትን ደረሰኝ ሁሉ አስቀምጪ። አንድ የ2 ኪሎዋት ማሞቂያ በሙሉ ኃይሉ በሰዓት 2 ዩኒት ይበላል፤ ሁለቱ ቀኑን ሙሉ ሲበሩ ቀላል ገንዘብ አይደለም። በቅሬታው ላይ «ተጨማሪው የኤሌክትሪክ ወጪ ይመለስልኝ» የሚል አንድ መስመር ጨምሪ። ካርድ መሙያ ካጣሽ ዛሬውኑ ንገሪያቸው፣ በዝምታ ማሞቂያውን አታጥፊው።

የጋዝ ባለሙያ፣ በርሚንግሃም፦

ባለሙያው ሲመጣ ማስተንፈሻ ቫልቩንም አብሮ እንዲያየው ንገሪው። ደጋግሞ የተከፈተ ቫልቭ ቆሻሻ ስለሚይዝ ብዙ ጊዜ በደንብ አይዘጋም፤ ቬስሉ አዲስ ሆኖም ያቺ ቧንቧ መንጠባጠቧን ልትቀጥል ትችላለች። ሲጨርስ ራዲያተሮቹ በሙሉ ይብሩ፣ ቤቱ እስኪሞቅ ይጠበቅ፤ መርፌው ያኔም ከ2 ብዙ ካላለፈ ቬስሉ ሠርቷል ማለት ነው። ከዚያ አብራችሁ ውጡና የቧንቧዋን አፍ በደረቅ ሶፍት ጠርጎ ያሳይሽ። ሶፍቱ ደረቅ ከሆነ ፈርሚለት።