ለመጀመሪያ ጊዜ ለሰላም ማስከበር ግዳጅ ወደ ደቡብ ሱዳን ልሄድ ነው፤ ምን ላዘጋጅ፣ ምንስ ልያዝ?

ጥያቄ፦ አዲሱ ዘማች

የተከበራችሁ ወንድሞችና እህቶች፣ በአሥር አለቃ ማዕረግ የማገለግል ወታደር ስሆን፣ ክፍላችን በተባበሩት መንግሥታት ድርጅት የሰላም ማስከበር ተልእኮ ሥር ወደ ደቡብ ሱዳን እንዲሰማራ ስለተመደበ የቅድመ ስምሪት ሥልጠና ላይ እገኛለሁ። ከአገር ስወጣ ይህ የመጀመሪያዬ ነው። ቆይታችን አንድ ዓመት እንደሚሆን ተነግሮናል። የደንብ ልብሱን፣ የራስ ቁሩንና የጥይት መከላከያውን ክፍሉ ስለሚያስታጥቀን ጥያቄዬ እሱን አይመለከትም። ለማወቅ የምፈልገው በግል ሻንጣዬ ምን መያዝ እንዳለብኝ፣ ለጤናዬ ከመነሳቴ በፊት ምን ማድረግ እንደሚገባኝ፣ ከሁሉም በላይ ደግሞ ቤቴን በምን ሁኔታ ትቼው ብሄድ እንደሚሻል ነው። ባለቤቴና የሁለት ዓመት ሴት ልጃችን በኪራይ ቤት ይኖራሉ፤ በስሜ የተመዘገበ የኮንዶሚኒየም ቁጠባም አለን። እናቴ ገጠር ናቸው፤ የደም ግፊት ስላለባቸው ስለ ጉዞዬ እስካሁን አልነገርኳቸውም። ልምድ ያላችሁ ብትመክሩኝ ውለታችሁን አልረሳም።

(በመጀመሪያው ጽሑፌ ላይ የመነሻ ቀናችንንና የክፍላችንን ስም ጠቅሼ ነበር፤ ቀጥሎ በተሰጠኝ ምክር መሠረት አጥፍቼዋለሁ።)

መልስ፦ ጡረተኛው ባሻ

ልጄ፣ ከሁሉ አስቀድመህ የመነሻ ቀኑንና የክፍልህን ስም ከጽሑፍህ አጥፋ። ዛሬ ማንም ሰው ከሦስት አራት ወታደሮች ጽሑፍ ላይ ቀን፣ ቦታና ብዛት ለቃቅሞ አንድ ክፍል መቼ በየት መንገድ እንደሚያልፍ ሊያውቅ ይችላል። ይህን የምልህ ልቆጣህ ሳይሆን በደህና ገብተህ በደህና እንድትመለስ ስለምመኝ ነው።

እኔ በላይቤሪያም፣ ሱዳንና ደቡብ ሱዳን በሚወዛገቡባት በአብዬም ዘምቻለሁ። የጸጥታው ምክር ቤት በሰኔ 2003 ዓ.ም. ለአብዬ እስከ 4,200 የሚደርስ ጦር እንዲሰማራ ሲወስን ጦሩ ከኛው አገር ስለነበር፣ በቀጣዩ ወር በክረምቱ ልብ ላይ ገባን። መሬቱ ዋልካ ነው። ዝናብ ሲመታው ጫማህን ይዞ የማይለቅ፣ መኪናውን እስከ አክሰሉ የሚውጥ ጥቁር ጭቃ ይሆናል። በደቡብ ሱዳንም ብዙው ቦታ እንዲሁ ነው፤ ዝናቡም በአብዛኛው ከሚያዝያ እስከ ጥቅምት ይዘልቃል። ስለዚህ ከምንም ነገር በፊት ስለ እግርህ አስብ። ክፍሉ ከሚሰጥህ ከስክስ ሌላ ቀደም ብለህ ተጫምተህ ያለማመድከው አንድ ትርፍ ጫማ ያዝ፤ አዲስ ጫማ በግዳጅ ላይ መጀመር እግርን መላጥ ነው። ወፍራም ካልሲ ቢያንስ ስምንት ጥንድ ይኑርህ፤ ናይለን ሳይሆን ጥጥና ሱፍ የተቀላቀለበት ይሁን። ማታ ማታ እግርህን ታጥበህ፣ በጣቶችህ መካከል ጭምር አድርቀህ፣ ፓውደር ነስንሰህ ተኛ። የራሰውን ጫማ ፀሐይ ላይ ከምታሰጣው ጋዜጣ ጠቅጥቀህበት ጥላ ሥር ብታሳድረው ቆዳው አይሰነጠቅም። ጠዋት ከመጫማትህ በፊት ገልብጠህ መሬት ላይ ሁለት ጊዜ አንኳኳው። አንድ ጓዳችን ይህን ሳያደርግ እግሩን ሰድዶ ጊንጥ ስለነደፈው ሌሊቱን ሙሉ ሲቃትት አድሯል።

ዕቃህን ሁሉ በየዓይነቱ በፌስታል ቋጥረህ ሻንጣ ውስጥ ክተት፤ ሻንጣው ቢርስ ልብስህ አይርስም። በግንባር ላይ የሚታሰር ባትሪ፣ ጓንጉል ቁልፍ፣ መርፌና ክር፣ የጥፍር መቁረጫ፣ የልብስ ማስጫ ገመድ፣ መነጽር የምታደርግ ከሆነ ትርፍ መነጽር አይቅሩ። ስንቅን በተመለከተ በሶ፣ ዳቦ ቆሎና ጭኮ በደንብ ያዝ፤ በርበሬና ሽሮም ጨምርበት። የድርጅቱ ሬሽን ያጠግባል፤ ነገር ግን ከረጅም ቅኝት መልስ በውኃ የተበጠበጠ በሶን የሚተካ አላገኘሁም።

መልስ፦ ከጁባ የተመለስኩት

ባሻ ያሉት ሁሉ ትክክል ሆኖ፣ በስንቁ ላይ ግን የተለየ ሐሳብ አለኝ። የሻንጣ ክብደት የተወሰነ ነው፤ ልኩን ክፍልህ ይነግርሃል። ከእኛ መካከል ግማሽ ሻንጣውን በበሶና በሽሮ የሞላ ወንድም የግል ፎጣና አንሶላ እንኳ ሳይዝ መጥቶ ተቸግሯል፤ በርበሬውም በእርጥበት ሻግቶ ተደፋ። ከስንቅ ለመጀመሪያው ወር የሚበቃህን ብቻ ያዝ፤ በርበሬውን በደንብ አድርቀህ አየር በማያስገባ ዕቃ አድርግ። በተረፈው ቦታ ቀለል ያሉ የጥጥ ካናቴራዎችን፣ ሁለት ፎጣና አንሶላ ጨምር። በበጋው፣ በተለይ በየካቲትና በመጋቢት፣ ሙቀቱ 40 ዲግሪ ስለሚደርስ ከላብ የተነሳ ልብስ ቶሎ ቶሎ ይቀየራል።

የሰዓቱንም ነገር ልንገርህ። ደቡብ ሱዳን ከጥር 2013 ዓ.ም. መጨረሻ ጀምሮ ሰዓቷን ስለቀየረች ከእኛ በአንድ ሰዓት ወደኋላ ናት። ለቤተሰብህ ስትደውል ይህን አስታውስ፤ አንተ ከምሽቱ ሦስት ሰዓት ላይ ስትደውል ልጅህ ዘንድ አራት ሰዓት ሆኖ ተኝታ ታገኛታለህ።

ስልክ ይዘህ ብትሄድም የካምፑን አጥር፣ የጥበቃ ማማውን፣ ተሽከርካሪዎቹንና በየመንገዱ የምታገኘውን የፍተሻ ኬላ ፎቶ አታንሳ። የአገሬው ታጣቂዎች በፎቶ ጉዳይ ቀልድ አያውቁም። በሥልጠናው ላይ ስለ ሥነ ምግባር የሚሰጣችሁን ትምህርትም እንደ ማሟያ አትቁጠረው። በገንዘብም ሆነ በምግብ ለውጥ የሚደረግ ማንኛውም የወሲብ ግንኙነት ክልክል ነው፤ ዕድሜዋ ከ18 ዓመት በታች ከሆነች ደግሞ «ዕድሜዋን አላወቅሁም» ማለት መከላከያ አይሆንም። ረሃብ ላይ ያለ ሕዝብ መካከል ነው የምትኖረው፤ አንተ እጅ ያለው አንድ ጣሳ ምግብ በዚያ ስፍራ ትልቅ ሥልጣን ነው።

መልስ፦ ነርስ ነኝ

በጤናው ጉዳይ ላይ ልጨምር። ደቡብ ሱዳን ለመግባት የቢጫ ወባ ክትባት ማስረጃ ያስፈልጋል፤ ማስረጃው የሚጸናውም ከተከተቡ ከ10 ቀን በኋላ ስለሆነ ለመጨረሻው ሳምንት አታቆየው። አገሪቱ «የማጅራት ገትር ቀበቶ» በሚባለው፣ በሽታው በሚደጋገምበት የአፍሪካ ክፍል ውስጥ ስለምትገኝ የዚህን ክትባት ጠይቅ፤ የቴታነስና የጉበት በሽታ ክትባቶችህም የተሟሉ መሆናቸውን አረጋግጥ። የካርዱን ፎቶ በስልክህ አስቀር፤ ዋናውን ከፓስፖርትህ ወይም ከጉዞ ሰነድህ ጋር ያዝ። ጥርስህን ሳታስመረምር እንዳትሄድ፤ ቀላል የነበረ የጥርስ ሕመም እዚያ ከግዳጅ ያስቀርሃል።

ዋናው ጠላት ግን ወባ ነው። ደጋ ላይ ያደገ ሰው ወባን የሚቋቋምበት አቅም አልገነባም፤ የዚያ አካባቢ ወባ ደግሞ በአብዛኛው ፋልሲፓረም የሚባለው በጥቂት ቀናት ውስጥ ሰውን ሊገድል የሚችለው ዓይነት ነው። የመከላከያ መድኃኒት ይሰጣችኋል። ዶክሲሳይክሊን ከሆነ ከመነሳትህ አንድ ወይም ሁለት ቀን በፊት ጀምረህ በየቀኑ ከምግብ በኋላ በብዙ ውኃ ትወስደዋለህ፤ እንደዋጥከው አትተኛ፣ ጉሮሮ ያቃጥላል፤ ቆዳንም በፀሐይ በቀላሉ እንዲቃጠል ያደርጋል። ሜፍሎኪን ከሆነ በሳምንት አንድ ጊዜ ነው፤ ከጉዞው ሁለት ሦስት ሳምንት ቀድሞ ይጀመራል። የሚጥል በሽታ ወይም የመንፈስ ጭንቀት ኖሮብህ የሚያውቅ ከሆነ ግን ሳትደብቅ ለሐኪሙ ተናገር፤ መድኃኒቱ ለአንተ አይሆንም። ሁለቱም ከተመለስክ በኋላ ለአራት ሳምንት ይቀጥላሉ። ብዙ ወታደሮች አገራቸው እንደገቡ ክኒኑን ጥለው ቤታቸው በወባ ሲወድቁ አይቻለሁ። ከተመለስክ በኋላ ባሉት ወራት ትኩሳት ከያዘህ «ከደቡብ ሱዳን ነው የመጣሁት» ብለህ በቅድሚያ ተናገር።

አጎበርህን ጠርዙን ከፍራሹ ሥር ወትፈው፤ መሬት ላይ ተንጠልጥሎ የሚያድር አጎበር ለትንኝ በር ነው። ጣት የሚያስገባ ቀዳዳ ብታገኝ ባሻ ባሉት መርፌና ክር የዚያኑ ምሽት ስፋው። ወንዝም ሆነ የቆመ ውኃ ውስጥ ገብተህ አትታጠብ፣ ቢልሃርዝያ አለ።

መልስ፦ የሕግ ባለሙያ

የቤቱን ጉዳይ በተመለከተ፣ ለባለቤትህ ውክልና ስትሰጥ «ጠቅላላ ውክልና ሰጥቻለሁ» ብሎ ማለፍ እንደማይበቃ ልታውቅ ይገባል። በፍትሐ ብሔር ሕጋችን ቁጥር 2204 መሠረት በጠቅላላ ቃል የተሰጠ ውክልና የሚያስችለው የአስተዳደር ሥራዎችን ብቻ ነው። ቤት መሸጥ ወይም ማስያዝ፣ መክሰስና መከሰስ፣ መታረቅና የመሳሰሉት በቁጥር 2205 መሠረት ልዩ ውክልና ይጠይቃሉ። ከዚህም ሌላ ባንኮች ገንዘብ የማውጣት ሥልጣን ተለይቶ ካልተጻፈ ብዙ ጊዜ አይቀበሉም። አንዲት ደንበኛዬ ባለቤቷ ግዳጅ ላይ ሳለ ልጇን ለማሳከም ገንዘብ ለማውጣት ስትሄድ፣ አንድ ባንክ «ውክልናው ላይ ገንዘብ ወጪ ማድረግ አልተጠቀሰም» ብሎ መልሷታል፤ ባልየውን ለማግኘት ሁለት ሳምንት ፈጀ። ስለዚህ ወደ ውልና ማስረጃ ስትሄድ የሂሳብ ቁጥሮቹን፣ የኮንዶሚኒየሙን ቁጠባ መከታተልን፣ ዕጣ ቢወጣ ውል መፈረምን፣ የኪራይ ውል ማደስን እያንዳንዱን በስሙ አስጽፍ።

ውክልና በወካዩ ሞት እንደሚቀርም አስታውስ። የጋብቻና የልጅህ የልደት ምስክር ወረቀት ከወሳኝ ኩነት ካልወጣ ከመሄድህ በፊት አውጣ፤ አለዚያ ሚስትና ልጅ መሆናቸውን በምስክር እንዲያስረዱ የሚገደዱት ሐዘን ላይ እያሉ ነው። ኑዛዜ መጻፍም ሟርት አይደለም። በገዛ እጅህ ሙሉ በሙሉ ጽፈህ፣ ኑዛዜ መሆኑን በግልጽ ገልጸህ፣ ቀን አድርገህ በየገጹ ብትፈርምበት በሕግ የታወቀ ኑዛዜ ነው።

መልስ፦ የወታደር ሚስት

ወንድሜ፣ ቤት የምንቀረውም የምንለው አለን። ባለቤቴ ሁለት ጊዜ ዘምቶ ተመልሷል። በመጀመሪያው ጊዜ «በየእሁዱ እደውላለሁ» ብሎ ለእናቱ ቃል ገባ። ኔትወርክ ጠፍቶ ሁለት እሁድ ሲያልፍ እናቱ እህል ውኃ አልቀምስ አሉ፣ ጎረቤት መጥቶ አብሯቸው ያድር ጀመር፤ እሱ ግን ደህና ነበር። በሁለተኛው ጊዜ «በቻልኩ ጊዜ ሁሉ እደውላለሁ፤ ዝም ካልኩ ስልኩ ነው የጠፋው፤ ክፉ ነገር ቢኖር መሥሪያ ቤቱ በአካል ይመጣል» ብሎ ነገራቸው፣ ዓመቱን ሙሉ ተረጋግተው ከረሙ። ለእናትህ ቀን አትቁረጥላቸው። ደግሞም ዛሬ ነገ ሳትል ራስህ ሄደህ ንገራቸው፤ ከሰው አፍ ቢሰሙት ግፊታቸውን የሚያስነሳው ያ ነው። የመድኃኒታቸውን ነገር ማን እንደሚከታተልም እዚያው ከዘመድ ጋር ተነጋገር።

የባንክህንም ሆነ የቴሌብርህን የሚስጥር ቁጥር ለማንም ትተህ አትሂድ፤ ከደመወዝህ በየወሩ ወደ እሷ ሂሳብ የሚተላለፍ ገንዘብ ባንኩ ዘንድ አስወስን። ልጅህን በተመለከተ ደግሞ የሁለት ዓመት ሕፃን በስልክ ድምፅ ብቻ አባቷን አትይዝም። ስትተኛ የምትነግራትን ተረት ስልክ ላይ ቅዳላት፤ የለበስከውን ካናቴራ ሳይታጠብ ተውላት። የእኔዋ በዚያ ካናቴራ ተጠቅልላ ስድስት ወር ተኝታለች።

ምላሽ፦ አዲሱ ዘማች

ሁላችሁንም እግዚአብሔር ይስጥልኝ። ጋሼ ባሻ፣ ቀኑን አጥፍቼዋለሁ፤ ለጓደኞቼም ነግሬአቸዋለሁ። ሰኞ ከባለቤቴ ጋር ወደ ውልና ማስረጃ እንሄዳለን፤ ቅዳሜ ደግሞ ፈቃድ ስለተሰጠኝ እናቴ ዘንድ እሄዳለሁ። አንድ ጥያቄ ብቻ ቀርቶኛል። ዳዊቴን መያዝ ይፈቀዳል? ቦታስ አይይዝም?

መልስ፦ ጡረተኛው ባሻ

ይፈቀዳል፤ ከእኛ መካከል ቁርኣኑን የያዘም ዳዊቱን የያዘም ነበር። በፌስታል ጠቅልለህ ከደረት ኪስህ ክተተው። ለእናትህም ሰላምታዬን አድርስልኝ፤ በጠዋት ድረስ፣ ቡና ተፈልቶ ከመነሳቱ በፊት ንገራቸው።