የድምፅ አልባ ኮሜዲ ጥቅሎች፦ ዓርብ ለሚቀርበው ዕቅድ

ጸሐፊ፦ ዓላማው አንድ ነው፤ ሳጥን ውስጥ ያሉት የ16 ሚሊሜትር ፊልም ጥቅሎች ሳይበላሹ ስካን ይደረጉ። ገንዘቡ ለሁሉም አይበቃም። የትኞቹ ይቅደሙ?

ማሽን ክፍል፦ መጀመሪያ ሽታ። ኮምጣጤ የሚሸተው ጥቅል መበስበስ ጀምሯል፤ ዛሬውኑ ከሌሎቹ ይለይ፤ ጤነኛውንም ያበላሻል። የተኮማተረው ፕሮጀክተር ላይ አይጫን፤ ጥርሱ ቀዳዳውን ይቀድደዋል።

ገንዘብ ያዥ፦ የኮሜዲያኑ የበስተር ኪተን «ዋን ዊክ» ለምን ዝርዝሩ አናት ላይ ተቀመጠ? እሱ የትም ይገኛል። መለያ የሌላቸው ሰባቱ ይቅደሙ። የኮሜዲ ጥንዶቹ የሎረልና ሃርዲ «ዘ ባትል ኦቭ ዘ ሴንቸሪ» (1927) ጠፍቶ የነበረው ሁለተኛ ጥቅል በ2015 የተገኘው ከግለሰብ የ16 ሚሊሜትር ክምችት ነው።

አባል፦ ቅዳሜ ሳጥኖቹን እኔ ከፍቼ አሸታለሁ።

ሙዚቃ ክፍል፦ የዕቅዱ ረቂቅ «በ24 ፍሬም» ይላል፤ በሴኮንድ 24 ምስል ማለት ነው። ይህ ካልወጣ አልፈርምም።

ጸሐፊ፦ አንዲት ቁጥር ናት፤ እንለፋት።

ሙዚቃ ክፍል፦ አናልፋትም! 400 ጫማ ጥቅል በ18 ፍሬም 14 ደቂቃ ከ49 ሴኮንድ ይሄዳል፤ በ24 ግን 11 ከ7። «ዋን ዊክ» ላይ ባቡሩ ቤቱን ስቶ ሲያልፍ ጥንዶቹ እፎይ ይላሉ፤ ወዲያው በሌላው ሐዲድ የመጣው ያደቅቀዋል። ሳቁ ያለው እፎይታዋ ላይ ነው። ካጣደፍናት የለችም።

ማሽን ክፍል፦ ካሜራው በእጅ ይዞር ነበር፤ ለሁሉም የሚሆን 18 የለም። ኮሜዲ ሠሪዎች ሲታይ እንዲፈጥን ብለው አዝግመው ያዞሩ ነበር።

ሙዚቃ ክፍል፦ ታዲያ በላዩ እኛም እናፍጥነው?

ማሽን ክፍል፦ አላልኩም! ስካነሩ እያንዳንዱን ፍሬም አንዴ ያነሳል፤ ፍጥነቱ በኋላ ይወሰናል። ጥፋቱ 18ን ወደ 24 ፋይል ሲገለብጡት ነው፤ በየ3 ፍሬሙ አንድ ይደገምና ሩጫው ይንተባተባል።

ገንዘብ ያዥ፦ አምናም በዚሁ ነው የተበተንነው።

ሙዚቃ ክፍል፦ ማን እንደበተነው ሁሉም ያውቃል።

ጸሐፊ፦ ይብቃ። «24» ወጥቷል፤ «ፍጥነቱ በየፊልሙ ይወሰናል» ገብቷል።

ሙዚቃ ክፍል፦ እንዲህ ከሆነ እፈርማለሁ። እንግዲያው «ዋን ዊክ»ን በፒያኖ አጅበን አንድ ምሽት እናሳይ፤ ትኬቱ ለስካኑ ይሆናል።

ማሽን ክፍል፦ ፕሮጀክተራችን ባለ ሁለት ክንፍ ሹተር (ብርሃኑን እየዞረ የሚከልለው መዝጊያ) ነው፤ በ18 በሴኮንድ 36 ጊዜ ብልጭ ይላል፣ ዓይን ያደክማል። ባለ ሦስት ክንፍ 54 ይሰጣል። እሱን መግዛት ሊኖርብን ነው።

ሌላ አባል፦ ምሽቱ ጥሩ ነው። ረቂቁ በእሱ ይጀምር።

ጸሐፊ፦ ቅዳሜ ሳጥኖቹን እከፍታለሁ ያልከው፣ ምን አገኘህ? ሁለቴ ጠየቅሁ።

ገንዘብ ያዥ፦ ሹተርና የፒያኖ ቅኝት ከተቀነሰ ለስካን የሚተርፈው የ2 ጥቅል ነው።

ማሽን ክፍል፦ ከሰባቱ የትኞቹ 2? ሳጥኑ ገና አልተከፈተም።