የዕቅድ ውይይት፦ «የባህል ቀን»ን ምን ይተካው?

የአርቃቂ ኮሚቴው ጸሐፊ

ውድ የማኅበራችን አባላት፣

በባህሎች መካከል የመግባባት ብቃትን ስለ ማዳበር ለትምህርት ተቋማትና ለአሠሪዎች በጋራ የምናቀርበው ሐሳብ የመጀመሪያ ረቂቅ ደርሷችኋል። ሦስት ነጥቦች አሉት። ትምህርት ቤቶች በዓመት አንድ ጊዜ የባህል ቀን ያክብሩ፤ አሠሪዎች ለአዲስ ተቀጣሪዎች የአንድ ቀን ሥልጠና ይስጡ፤ የሥልጠናው ውጤት ሠልጣኞች ራሳቸው በሚሞሉት መጠይቅ ይለካ። የጻፍኩት እኔ ነኝና ይሉኝታ አይያዛችሁ። እውነቱን ለመናገር፣ ትናንት ደግሜ ሳነበው ለእኔም አልጣመኝም፤ የትኛውም ማኅበር በየትኛውም ዓመት ሊጽፈው የሚችል ወረቀት ሆኖ አገኘሁት። ምን እንደጎደለው ግን ለብቻዬ መለየት አልቻልኩም።

የመምህራን አሠልጣኝ

ከመጀመሪያው ነጥብ ልጀምር። የባህል ቀን የሚያከብሩ ብዙ ትምህርት ቤቶችን አይቻለሁ። ልጆቹ አምረው ይመጣሉ፣ ይዘፈናል፣ ይጨፈራል፣ ፎቶግራፍ ይነሣል። በማግሥቱ ማን ከማን ጋር እንደሚቀመጥ ብታዩ ግን ከዋዜማው የተለወጠ ነገር የለም። ይባስ ብሎ ቀኑ ልጆችን የየወገናቸው መልእክተኛ ያደርጋቸዋል። አንዲት ልጅ ራሷ በቅጡ ስለማታውቀው የአያቶቿ ሥርዓት አብራሪ ትባላለች፤ ማፈሯን የሚያስተውል የለም።

ሰዎችን አንድ ቦታ ማገናኘት ብቻውን እንደማይበቃ የሥነ ልቦና ምሁሩ ጎርደን ኦልፖርት እ.ኤ.አ. በ1954 ጽፎታል። እንደ እርሱ አባባል፣ ግንኙነት ጥላቻን የሚቀንሰው ሰዎቹ በተገናኙበት ቦታ እኩል ደረጃ ሲኖራቸው፣ የጋራ ግብ ሲይዙ፣ ለግቡ ሲተባበሩና ከበላያቸው ያለው አካል ሲደግፋቸው ነው። እ.ኤ.አ. በ2006 ቶማስ ፔቲግሩና ሊንዳ ትሮፕ 515 ጥናቶችን በአንድነት መርምረው፣ ግንኙነት በአብዛኛው ጭፍን ጥላቻን እንደሚቀንስ አሳይተዋል፤ አራቱ ሁኔታዎች የግድ ባይሆኑም ሲሟሉ ውጤቱ ይበረታል። የባህል ቀናችን ከአራቱ ስንቱን ያሟላል? እኔ ስቆጥር የመጨረሻውን ብቻ አገኘሁ፤ ርእሰ መምህሩ ንግግር ያደርጋሉና።

በምትኩ የማቀርበው አዲስ ነገር አይደለም። እ.ኤ.አ. በ1971 በአሜሪካ ቴክሳስ ግዛት፣ በኦስቲን ከተማ፣ ተለያይተው ይማሩ የነበሩ ነጭ፣ ጥቁርና የላቲን አሜሪካ ዝርያ ያላቸው ተማሪዎች አንድ ክፍል ውስጥ ሲገቡ ጠቡ ከረረ። የሥነ ልቦና ምሁሩ ኤልየት አሮንሰንና ባልደረቦቹ ስለ መቻቻል አልሰበኩም፤ የመማሪያውን አሠራር ቀየሩ። ተማሪዎቹን በትንንሽ ድብልቅ ቡድኖች መድበው ትምህርቱን ቆራረጡትና ለእያንዳንዱ ልጅ አንድ ቁራጭ ሰጡ። የአንድን ሰው የሕይወት ታሪክ የሚማሩ ከሆነ አንዱ ልጅነቱን፣ ሌላው ወጣትነቱን ይይዛል። ፈተናው ግን ከሙሉው ታሪክ ነው። ቋንቋው በሚከብደው ልጅ ላይ ማላገጥ ለአላጋጩ ራሱ ኪሳራ ሆነ፤ ያ ልጅ የያዘውን ሌላ ማንም የቡድኑ አባል አልያዘውምና። ቀስ በቀስ አላጋጮቹ መጠየቅ ለመዱ።

ይህ ዘዴ በታሪክም በሳይንስም ትምህርት ውስጥ ስለሚሠራ ተጨማሪ ክፍለ ጊዜ አይፈልግም። መምህሩ ግን መሠልጠን አለበት። ቡድን ደልድሎ ዞር ማለት ጉልበተኛው እንዲመራ፣ ዝምተኛው ስሙ ብቻ እንዲጻፍለት ማድረግ ነው።

የሰው ኃይል አስተዳደር ባለሙያ

ለትምህርት ቤት መልካም ሐሳብ ነው። ሥራ ቦታ ግን ጊዜ የለም። ሥራ አስኪያጆች እኔን የሚጠይቁኝ «የዚያ አገር ሰዎች እንዴት ናቸው?» ብለው ነው። ስለዚህ ቢያንስ እንደ ሆላንዳዊው ተመራማሪ ጌርት ሆፍስቴድ ያሉት፣ አገሮችን በሥልጣን ርቀት (ሰው የሥልጣን አለመመጣጠንን ምን ያህል እንደሚቀበል) እና በግለሰባዊነት የሚያወዳድሩ ሰንጠረዦች በሥልጠናው ይካተቱ። ባህልን አለማወቅ ሕይወት ያስከፍላል። እ.ኤ.አ. በ1990 መጀመሪያ ከኮሎምቢያ ወደ ኒውዮርክ ይበር የነበረ የአቪያንካ አውሮፕላን ነዳጅ ጨርሶ ወድቆ 73 ሰዎች ሞተዋል። ረዳት አብራሪው ተቆጣጣሪዎቹን ተጭኖ መናገር አልደፈረም፤ የመጣበት ባህል ለባለ ሥልጣን መታዘዝን ያስተማረው ነበር። ይህን ታሪክ በየሥልጠናው እናገረዋለሁ፤ ያልደነገጠ ሠልጣኝ አላጋጠመኝም።

አስተርጓሚ

ይቅርታ ያድርጉልኝና፣ ያ ታሪክ ሲነገር ሁልጊዜ አንድ ነገር ይቀርበታል። አውሮፕላኑ ከመውደቁ በፊት በሦስት ቦታዎች ወረፋ እየጠበቀ በአጠቃላይ ከአንድ ሰዓት በላይ በአየር ላይ ዞሯል። ሠራተኞቹ «ቅድሚያ ይሰጠን» ብለዋል፣ «ነዳጅ እያለቀብን ነው» ብለዋል። «ድንገተኛ አደጋ» የሚለውን መደበኛ ቃል ግን አልተናገሩም። ዋናው አብራሪ ራሱ «ድንገተኛ አደጋ ላይ ነን በላቸው» ብሎ ረዳቱን አዞት ነበር፤ ረዳቱ ለተቆጣጣሪው ያስተላለፈው ግን ነዳጅ እያለቀ መሆኑን ነው። እንግዲህ አለቃውን ፈርቶ ነው እንዳንል አለቃው ያዘዘው ሌላ ነበር። የምርመራው ዘገባ ነዳጁን በአግባቡ አለመከታተልንና አደጋውን በግልጽ አለማሳወቅን በምክንያትነት ሲያስቀምጥ፣ አብራሪዎችና ተቆጣጣሪዎች የነዳጅ እጥረትን የሚገልጹበት ወጥና ግልጽ ቃል አለመኖሩንም አስተዋጽኦ ካደረጉት ነገሮች ቆጥሮታል።

በሙያዬ ይህን በየቀኑ አያለሁ። ሁለት ሰዎች አንድ ቃል ይዘው ሁለት ነገር ያስባሉ፤ አስተርጓሚው ካልጠየቀ ሁለቱም ተግባባን ብለው ይለያያሉ። ከዚያ ሥራው ሲበላሽ ጥፋቱ ለ«ባህላቸው» ይሰጣል። ባህል የሚለው ቃል መርምረን ያልጨረስነውን ነገር ሁሉ የምንወረውርበት ዕቃ ቤት እየሆነ ነው። በአቪዬሽን የተገኘው መፍትሔ ስለ አገሮች ጠባይ ማስተማር ብቻ ሳይሆን የቋንቋና የቃል አጠቃቀም መስፈርት ማውጣት ነበር፤ ዓለም አቀፉ የሲቪል አቪዬሽን ድርጅት የቋንቋ ችሎታ መስፈርቱን ያጸደቀው እ.ኤ.አ. በ2003 ነው።

ስለ ሰንጠረዦቹም አንድ ቃል። የሆፍስቴድ የመጀመሪያ መረጃ እ.ኤ.አ. ከ1967 እስከ 1973 ባሉት ዓመታት ከአንድ ኩባንያ፣ ከአይ ቢ ኤም ሠራተኞች የተሰበሰበ ነው። እርሱም ራሱ የአገር አማካይ በአንድ ግለሰብ ላይ እንዳይጫን አስጠንቅቋል። ሥራ አስኪያጁ ደግሞ የሚያደርገው በትክክል ያንኑ ነው፤ ከፊቱ ለተቀመጠው ሰው ሳይሆን በሰንጠረዡ ላይ ላለው ቁጥር ሰላምታ ይሰጣል።

የቋንቋ መምህርት

ስለ ስሙ ትንሽ ልበል። «ባህል ተሻጋሪ» የሚሉ አሉ፤ የተሻገረ ሰው ግን ወዲያኛው ዳር ቀርቷል። «ባህለ ብዙ» ደግሞ የኅብረተሰብን ሁኔታ እንጂ የሰውን ችሎታ አይገልጽም። «በባህሎች መካከል የመግባባት» የሚለው ቢረዝምም ልክ ነው። የሚከብደኝ «ብቃት» ነው። «በቃ» ውስጡ አለና «ሠልጥኛለሁ፣ በቅቻለሁ» የሚል ሰው እንዳናፈራ እሰጋለሁ። «ችሎታ» ቢባል እመርጣለሁ።

ነርስ

መምህርቷ ያሉት እንደ ቃላት ጨዋታ እንዳይታለፍ። በሕክምናው ሙያ ሜላኒ ተርቫሎንና ጃን መሪ ጋርሲያ የተባሉ ሁለት ሐኪሞች እ.ኤ.አ. በ1998 ተመሳሳይ ቅሬታ አንሥተው፣ ከ«ብቃት» ይልቅ ዕድሜ ልክ ራስን የሚመረምር «ትሕትና» ይሻላል ብለዋል።

እኔ ታካሚዎቼ የሚመጡባቸውን ባህሎች ሁሉ አጥንቼ አልዘልቅም፤ በአንድ የሥራ ፈረቃ ብቻ የስንቱን አጠናለሁ? የያዝኩት ጥያቄዎችን ነው። የሥነ አእምሮ ሐኪሙ አርተር ክላይንማንና ባልደረቦቹ እ.ኤ.አ. በ1978 ካቀረቧቸው መካከል አራቱን በኪሴ ይዣለሁ። ሕመምዎን ያመጣው ምን ይመስልዎታል? ለምን በዚያን ጊዜ ጀመረ ብለው ያስባሉ? ምን ዓይነት ሕክምና ማግኘት አለብኝ ይላሉ? ከሁሉ በላይ የሚያስፈራዎት ምንድን ነው? አንድ ጊዜ መድኃኒቷን አልወስድም ያለች እናት ነበረች። መዝገቡ ላይ «በእምነቷ ምክንያት» ተብሎ ተጽፏል። አራተኛውን ጥያቄ ስጠይቃት እንቅልፍ እንዳይጥላትና ሌሊት የሚያለቅሰውን ሕፃን ሳትሰማው እንዳትቀር እንደምትፈራ ነገረችኝ። የሚወሰድበትን ሰዓት አስተካከልን፤ አለቀ። ጥያቄው የፈጀው ሁለት ደቂቃ አይሞላም።

ሌላው፣ ልጆች ለወላጆቻቸው እንዲያስተረጉሙ ማድረግ ይቁም። የአሥር ዓመት ልጅ ለእናቱ ክፉ የምርመራ ውጤት እንዲነግር ማስገደድ በየትኛውም ባህል ነውር ነው።

መሐንዲስ

ከጥቂት ዓመታት በፊት አገር ቀይሬ የመጣሁ ሰው ነኝ። የረቂቁ ሁለተኛ ነጥብ ሥልጠናውን «ለአዲስ ተቀጣሪዎች» ይላል። ነባሮቹስ?

መጀመሪያ የተቀጠርኩበት ቦታ የስብሰባው ወግ አንዱ ሳይጨርስ ሌላው ከአፉ መቀበል ነበር። እኔ የለመድኩት ተናጋሪው ሲጨርስ ትንሽ ዝም ብሎ ከዚያ መጀመርን ነው። ያቺ ዝምታ እዚያ ክፍል ውስጥ አልነበረችም። ስድስት ወር አፌን ከፍቼ ስዘጋ ቆየሁ። በዓመቱ መጨረሻ በግምገማ ቅጼ ላይ «ተነሳሽነት ይጎድለዋል» ተብሎ ተጻፈ። ያቺ ዓረፍተ ነገር የደረጃ ዕድገት አስቀረችብኝ። ለምን እንደማልናገር የጠየቀኝ አንድም ሰው አልነበረም፤ ያን ጊዜ ቢጠይቁኝም እንዲህ አድርጌ ማስረዳት የምችል አይመስለኝም።

ኋላ ሌላ ኃላፊ መጡ። አጀንዳው ከአንድ ቀን በፊት እንዲላክ፣ ስብሰባ ላይ ተራ በተራ እንዲነገር፣ የቀረው ሐሳብ በጽሑፍ እንዲገባ አደረጉ። ስለ ባህል አንዲት ቃል አልተናገሩም። እኔ መናገር ጀመርኩ። ያልጠበቅኩት ግን ለዓመታት ዝም ብለው የኖሩ አንዲት የዚያው አገር ተወላጅ ባልደረባዬም መናገር መጀመራቸው ነው።

ሐሳባችን አዲስ የመጣውን ብቻ የሚያስተካክል ከሆነ ስሜን አልፈርምበትም።

የዩኒቨርሲቲ መምህር

ወንድማችን መሐንዲሱ ያሉት ለጠቅላላው ረቂቅ መነሻ መሆን አለበት። እኔ ስለ መለኪያው ልናገር።

ጆሮ ለባለቤቱ ባዳ ነው። ሰው ስለ ራሱ የመግባባት ችሎታ በሚሞላው መጠይቅ ላይ ብዙም አልተማመንም። ከሥልጠናው በፊት ለራሱ ከአሥር ስምንት የሰጠ ሰው፣ ምን ያህል እንደማያውቅ ሲረዳ ወደ ስድስት ይወርዳል። ሥልጠናው ሠርቷል፤ መጠይቁ ግን ከሽፏል ይላል። የመስኩ ተመራማሪ ሚልተን ቤኔት እ.ኤ.አ. በ1986 ሰው የባህል ልዩነትን እንዴት እንደሚያይ በስድስት ደረጃ ባስቀመጠበት ሐሳብ ውስጥ ሦስተኛው ደረጃ «ሁላችንም ሰው ነን፣ ልዩነቱ ጥቃቅን ነው» የሚለው ነው። ቅን ደረጃ ናት፤ የምታታልለውም ለዚህ ነው። እዚያ የቆመ ሰው የደረሰ ይመስለዋል፤ «ሰው» ሲል ግን የሚያስበው ራሱን የመሰለውን ነው።

ዳርላ ዲርዶርፍ እ.ኤ.አ. በ2006 ባሳተመችው ጥናት የተሳተፉት የመስኩ ምሁራን አንድ መለኪያ ብቻ እንደማይበቃ ተስማምተዋል። እኔ ተማሪው ገጠመኙን የሚጽፍበትን ማስታወሻ እንደ አንድ መለኪያ አቀርባለሁ። የአውሮፓ ምክር ቤት እ.ኤ.አ. በ2009 ለተማሪዎች ያዘጋጀው ተመሳሳይ መሣሪያ አለ፤ ተማሪው አንድ እውነተኛ ገጠመኝ መርጦ ምን እንደሆነ፣ ያኔ ምን እንደተሰማው፣ ሌላው ሰው ምን ተሰምቶት ሊሆን እንደሚችል ይጽፋል። ማስታወሻው ውስጥ የምፈልገው አንድ ነገር ነው፤ ያየውንና የተረጎመውን መለየቱን። «አላየኝም» ማለት አንድ ነው፣ «ናቀኝ» ማለት ሌላ።

ስለ ውጭ አገር ትምህርትም አንድ ነገር ልጨምር። እ.ኤ.አ. በ2009 በሚካኤል ቫንደ በርግና ባልደረቦቹ የወጣ ጥናት፣ ውጭ አገር ከሄዱ አሜሪካውያን ተማሪዎች መካከል ይበልጥ የተለወጡት እዚያው የሚያወያያቸው አማካሪ ያገኙት መሆናቸውን አሳይቷል። አውሮፕላን ትኬት ብቻውን አያስተምርም። መሄድ ለማይችሉ፣ ማለትም ለአብዛኞቹ፣ የሁለት አገር ክፍሎች በኢንተርኔት አንድ ሥራ አብረው የሚሠሩበት ዘዴ አለ፤ የኒውዮርክ ግዛት ዩኒቨርሲቲ እ.ኤ.አ. ከ2006 ጀምሮ በማእከል ደረጃ ይዞታል። ማስታወሻው ደግሞ ነጥብ ቢሰጠው ተማሪዎች በቁም ነገር ይይዙታል።

የመምህራን አሠልጣኝ

ነጥብ ከተሰጠው ማስታወሻ መሆኑ ቀረ። ተማሪ እርስዎ የሚወዱትን ጸጸት ይጽፍልዎታል፤ ዐሥራ ሁለት ዓመት የሠለጠነው ለዚያ ነው።

የሰው ኃይል አስተዳደር ባለሙያ

የአውሮፕላኑን ታሪክ በተመለከተ ታርሜአለሁ። ከአሁን በኋላ ሙሉውን እናገራለሁ፤ እንዲያውም ለሠልጣኞች መጀመሪያ የእኔን፣ ቀጥሎ የአስተርጓሚውን አቅርቤ ልዩነቱን እንዲያወጡ ባደርግ የተሻለ ልምምድ ይሆናል። የሚፈቀድልኝ ሰዓት ግን አሁንም ስምንት ብቻ ነው። በአንድ ቀን ከማፍሰስ አራት ቦታ ከፍዬ፣ ሁለት ሁለት ሰዓት፣ በስድስት ወር ውስጥ ላዳርሰው እችላለሁ። ሰንጠረዦቹን ትቻለሁ። የግምገማ ቅጻችንንም እንደገና ማየት ይኖርብኛል፤ «ተነሳሽነት» የሚል ሳጥን የእኛም ቅጽ ላይ አለ።

የአርቃቂ ኮሚቴው ጸሐፊ

ረቂቁን እንዲህ እለውጠዋለሁ። የባህል ቀን ይወጣና በመደበኛው ትምህርት ውስጥ የሚሠራ የድብልቅ ቡድን አሠራር ይገባል፤ ከመምህራን ሥልጠና ጋር፣ ያለ ሥልጠና እንዳይጀመር በግልጽ ተጽፎ። የሥራ ቦታው ክፍል የሚጀምረው ከነባሩ አሠራር ነው፦ ስብሰባ እንዴት ይመራል፣ ግምገማ በምን ቃል ይጻፋል፣ አስተርጓሚ መቼ ይጠራል። ሥልጠናው ኃላፊዎችን አስቀድሞ በአራት ክፍል ይሰጣል። ልጆች እንዲያስተረጉሙ እንዳይደረግ የሚለው ራሱን የቻለ ነጥብ ይሆናል። ስሙ ላይ «ችሎታ» እንዲባል እደግፋለሁ፤ ተቃዋሚ ካለ ይናገር።

ማስታወሻው ነጥብ ይሰጠው አይሰጠው የሚለው አልተፈታም። ሁለቱን መምህራን አንድ አማራጭ አብራችሁ ጽፋችሁ እንድታመጡ እጠይቃለሁ። መሐንዲሱ ደግሞ የስብሰባውን ክፍል እርስዎ ቢጽፉልን፤ በሁለት ገጽ፣ እስከሚቀጥለው ስብሰባ። የዚያን ስብሰባ አጀንዳ ከአንድ ቀን በፊት እልካለሁ።