ለሰርግ ሥራ፦ ያገለገለ ፓዮነር ወይስ ዴኖን?

ታቦር ሚክስ

ሰላም ቤተሰብ። ከሐዋሳ ነኝ። ሰርግ፣ ምርቃትና ልደት በዲጄነት መሥራት ከጀመርኩ አምስት ዓመት ሊሆነኝ ነው። ያለኝ አንድ ላፕቶፕና አንዲት ትንሽ ኮንትሮለር (ላፕቶፑ ውስጥ ያለውን ዘፈን በእጅ መቆጣጠሪያ) ናት።

ባለፈው ጥር ሙሽሮች አዳራሽ ሊገቡ ሲሉ ላፕቶፔ ጠፍቶ ተነሣና ራሱን ማደስ ጀመረ። ሰማያዊው ስክሪን 4 ከመቶ ይላል። ሚዜዎቹ በር ላይ ቆመዋል። ቪዲዮ ቀራጩ በእጁ "ምነው?" ይለኛል። የሙሽራዋ አክስት ባይደርሱልኝ አልቆልኝ ነበር። እሳቸው እልልታቸውን አቅልጠው፣ ጭብጨባ አስጀምረው፣ ሙሽሮቹን በአፍ ዘፈን አስገቧቸው። ሰው ሆን ተብሎ የተዘጋጀ ነገር መሰለው። እኔ ግን ላቤ ጫማዬ ውስጥ ገብቷል።

ስለዚህ ላፕቶፕ የማይፈልግ ማሽን ልገዛ ነው። ሁለት ምርጫ አለኝ። አንዱ አዲስ አበባ ያገኘሁት ያገለገለ ፓዮነር ኤክስዲጄ-አርኤክስ2 ነው። ሌላው ዱባይ ያለው የአጎቴ ልጅ አመጣልሃለሁ ያለኝ ዴኖን ፕራይም ጎ ነው። ዋጋቸው ብዙም አይራራቅም። ልቤ ወደ ዴኖኑ ነው፣ ባትሪ አለው። የመብራቱን ነገር ታውቁታላችሁ። ግን ያማከርኩት ሰው ሁሉ "ፓዮነር ካልሆነ ተወው" ይለኛል። በቀደም አንድ የሙሽራ ወንድም ጠረጴዛዬን ገልመጥ አድርጎ "ፓዮነር የለህም እንዴ?" አለኝ። ሰውዬው የቱ ጋ ተነክቶ ዘፈን እንደሚጀምር እንኳ የሚያውቅ አይመስለኝም።

በእርግጥ ይበልጣል ወይስ ስም ብቻ ነው? አንድ ድርጅት ሰውን ሁሉ እንዴት እንዲህ አድርጎ ያዘው?

ጋሽ ፌደር

ታቦር፣ አክስትየዋን ቅጠራቸውና ብርህን አትርፍ።

ወደ ቁም ነገሩ። እኔ በካሴት የጀመርኩ ሰው ነኝ። ዘፈኑን መነሻው ላይ ለማምጣት ካሴቱን በቢክ እስክሪብቶ ስጠቀልል ያደግኩ። አሁን ወገቤ እምቢ ስላለኝ ማጫወቱን ትቼ ሳውንድ አከራያለሁ። የምነግርህም ከመጋዘኔ የማየውን ነው።

ድምፁ ይበልጣል ወይ ካልከኝ፣ አይበልጥም። 500 ሰው ባለበት አዳራሽ ጀርባ ቆመህ የትኛው ማሽን እየሠራ እንደሆነ በጆሮህ ከለየህ ምሳ በእኔ ነው። እነዚህ ሰዎች የሚሻሙት ጆሮህን አይደለም። አውራ ጣትህንና ኪስህ ውስጥ ያለችውን ፍላሽ ነው።

ከአውራ ጣት ልጀምር። (ዓመቶቹን ሁሉ በፈረንጅ ነው የምጽፈው።) ድሮ ጠረጴዛው የሸክላ ማጫወቻ ሠሪው የቴክኒክስ ነበር። ኤስኤል-1200 የወጣው በ1972 ነው፣ ኤምኬ2 የሚባለው በ1979። ከዚያ በኋላ ሸክላ የሚያጫውት ክለብ ሁሉ እሱን ነው ያስቀመጠው። ዲኤምሲ የሚባለውን የዓለም የዲጄዎች ውድድርም ለረጅም ጊዜ ስፖንሰር ያደርግ ነበር። አሸናፊው በወርቅ የተለበጠ ቴክኒክስ ይሸለም ነበር። እንግዲህ አስበው፣ አሥራ ስድስት ዓመት የሞላው ልጅ ቪዲዮውን አይቶ ሌላ ማሽን ይመኛል?

ፓዮነር በሸክላ ሊገጥመው አልሞከረም። በጎን ዞረ። በ1994 ሲዲጄ-500ን አወጣ፣ በ2001 ደግሞ ሲዲጄ-1000 መጣ። የቁርጡ ቀን ያኔ ነው። ሲዲ ነው የሚያጫውተው፣ ከላይ ያለውን ክብ ሳህን ግን እንደ ሸክላ በመዳፍህ ይዘህ ወደኋላ ትስበዋለህ። ሸክላ የለመደ እጅ አዲስ ትምህርት አላስፈለገውም።

አሁን አንድ ነገር እይልኝ። በዚያ ማሽን ላይ ከታች በግራ በኩል ሁለት ክብ ቁልፎች አሉ፣ አንዱ ኪው (ዘፈኑን ምልክት ወዳደረግክበት ቦታ የሚመልሰው)፣ አንዱ ፕለይ። በ2020 የወጣው ሲዲጄ-3000 ላይም እዚያው ናቸው። ዓይኔን ጨፍኜ አገኛቸዋለሁ። በነገራችን ላይ ይኸኛው ስሙ ሲዲጄ ይባል እንጂ ሲዲ ማስገቢያ የለውም፤ ማንም አልጠየቀም። ዴኖን ተቀናቃኙን ማሽን ሲሠራ ቁልፎቹን የት ያስቀመጣቸው ይመስልሃል? ከታች በግራ። የሰው አውራ ጣት የሌላ ንብረት ሆኖ ሲያገኘው ምን ያድርግ።

ፍላሿ የመጣችው በ2009 ከሲዲጄ-2000 ጋር ነው። ሬኮርድቦክስ የሚባል ፕሮግራም አብሮ ወጣ። ቤትህ ቁጭ ብለህ ዘፈኖችህን ታሰናዳለህ፣ ምልክት ታደርጋለህ፣ በተራ ትደረድራለህ፣ ፍላሽ ላይ ትጭናለህ። ማታ ክለብ ስትሄድ የምትይዘው ፍላሽና ማዳመጫ ብቻ ነው። ከሻንጣ ሙሉ ሲዲ ለተገላገለ ሰው ይህ ትልቅ ነገር ነው። ግን ልብ በል፣ የአምስት ዓመት ድካምህ በዚያ ፕሮግራም ቋንቋ ነው የተጻፈው። ሌላ ማሽን ላይ ብትሰካው ዘፈኑ ሊጫወትልህ ይችላል፣ ምልክቶችህና ዝርዝሮችህ ግን ላይኖሩ ነው። ዲጄው ያንን ፈርቶ ክለቡን "ያንኑ ማሽን አስቀምጥልኝ" ይለዋል። ክለቡ ስላስቀመጠ አዲሱ ዲጄ በዚያው ይማራል። እንዲህ ነው የተያዝነው።

እኔም ቀምሼዋለሁ። አንድ ጊዜ ከውጭ የሚመጣ ዲጄ ነበር፣ ማናጀሩ ራይደር (ዲጄው እንዲዘጋጅለት የሚፈልገውን ነገር ዝርዝር) ላከልኝ። አንድ ገጽ ናት። ውሃ፣ ፎጣ፣ መኪና ምናምን ከሚለው በላይ፣ ገና መጀመሪያው መስመር ላይ፣ የማጫወቻው ሞዴል በቁጥር ተጽፏል። እኔ ጋ ያለው ሌላ ነበር፣ ያውም ያልተነካ አዲስ። ፎቶ አንስቼ "ይህ ይሆናል?" ብዬ ላኩ። መልሱ በሁለት ደቂቃ መጣ፦ "አይሆንም፣ አመሰግናለሁ።" ከሌላ አከራይ ለሁለት ሌሊት ተከራየሁ። ትርፌን በላው። የእኔ አዲስ ማሽን መጋዘን ውስጥ ጨርቅ ለብሶ አደረ።

ዴኖኖች ቁልፉ እዚያች ወረቀት ላይ እንዳለ ገብቷቸዋል። በ2017 ኤስሲ5000ን ሲያወጡ የማስታወቂያቸው መፈክር በቀጥታ "ራይደርህን ቀይር" ነበር። ቲየስቶን የመሰለ ትልቅ ዲጄ ከጎናቸው አሰለፉ። ማሽኑም የዋዛ አልነበረም፦ የሚነካ ስክሪን አለው፣ አንዱ ማጫወቻ ሁለት ዘፈን ይይዛል፣ ፍላሹ ባይሰናዳም ራሱ ዘፈኑን አንብቦ ቢፒኤሙን (ፍጥነቱን) ያወጣል። በኋላ ደግሞ በሬኮርድቦክስ የተሰናዳ ፍላሽ እንዲያነብ አደረጉት። ብልህ ናቸው፣ በሌላው ሰው ቁልፍ የሚከፈት በር ሠሩ። ሆኖም ክለቦቹን አላስለቀቁም። ሁለት ማጫወቻና ድምፃቸውን የሚያቀላቅል ሚክሰር የገዛ ክለብ ብዙ ሺህ ዶላር አውጥቷል፣ በመፈክር አያነሳውም።

ያሸነፉት ሌላ ቦታ ነው፤ ሁሉም ነገር አንድ ሣጥን ውስጥ ያለባቸው፣ አንተ የምትፈልጋቸው ዓይነት ማሽኖች ላይ። ፕራይም ጎ በ2020 ባትሪ ይዞ መጣ። የሌላኛው ወገን መልስ ኦምኒስ-ዱኦ የሚባለው ባትሪ ያለው ማሽን ነው፣ የወጣው ግን በ2024 ነው። አራት ዓመት ሙሉ ድንኳን ውስጥ የሚሠራ ሰው ከፓዮነር በኩል እንዲህ ያለ ምርጫ አልነበረውም ማለት ነው። (ባትሪው ስፒከርህን እንደማያስነሳልህ ግን አትርሳ። ለእሱ ጄኔሬተር አለ።)

ስም ነው ወይ ላልከው ደግሞ ላስቅህ። "ፓዮነር" የምንለው ቤት ከሬዲዮና ከመኪና ቴፕ ሠሪው ፓዮነር ከተለየ ቆይቷል። በ2014 የዲጄውን ክፍል ኬኬአር ለሚባል የአሜሪካ ኢንቨስተር ለመሸጥ ተስማሙ፣ ወደ 59 ቢሊዮን የን ገደማ። በ2020 ኖሪትሱ የሚባል የጃፓን ድርጅት ገዛው። የድርጅቱ ስም አሁን አልፋቴታ ነው፣ አዳዲሶቹ ማሽኖች ላይም የሚታተመው ይኸው ነው። ስለዚህ ያ የሙሽራ ወንድም የዛሬ አምስት ዓመት መጥቶ "አልፋቴታ የለህም እንዴ?" ይልሃል።

ሲልቨር ስፕሪንግ

ጋሼ፣ እጅዎ ይባረክ። የራይደሩን ነገር ሳነብ የራሴ ጨጓራ ነው የተነሣው።

ከዚህ ከአሜሪካ ሁለት ነገር ልጨምር። እኔ የሐበሻ ሰርግ ነው የምሠራው፣ ዴኖን ፕራይም 4 አለኝ። በ2019 የወጣው። የገዛሁት ለአንዲት ቀዳዳ ብዬ ነው። ከጀርባው ዞን አውት የምትባል አለች፣ ዋናው አዳራሽ ሌላ እየተጫወተ ለሌላ ክፍል ለብቻው የተለየ ዘፈን ትልካለች። ሽማግሌዎቹ በሚቀመጡበት ክፍል ክራር ብቻ ለስለስ አድርጌ እለቃለሁ፣ አዳራሹ ውስጥ ወጣቱ አፍሮቢትስ ይወዛወዛል። ከዚያ በፊት ከእናቶች በኩል "ቀንስልን" የምትል ልጅ በየአሥር ደቂቃው ትላክብኝ ነበር።

ሁለተኛው ነገር፣ ሱቅ ገብታችሁ ኑማርክ፣ ሬን፣ ዴኖን ዲጄ፣ አካይ ብላችሁ ስታወዳድሩ አንድ ቤት ውስጥ እየዞራችሁ ነው። ሁሉም የኢንሚውዚክ ናቸው፣ ሮድ አይላንድ ያለ ድርጅት። ለጀማሪው ኑማርክ፣ ስክራች ለሚያደርገው (ሸክላውን በእጁ ወዲያ ወዲህ እያለ ለሚያስጮኸው) ሬን፣ ለእኔ ቢጤው ዴኖን። ፓዮነር በአንድ ስም ሁሉን ያዘ፣ ይኸኛው በብዙ ስም ይከባል።

ግን ልጆቹን እያየሁ ነው ተስፋ የምቆርጠው። የወንድሜ ልጅ አሥራ አምስት ዓመቱ ነው። ለልደቱ ምን ልግዛልህ ስለው "ዲዲጄ-ኤፍኤልኤክስ4" አለኝ። ሞዴል ቁጥሩን በቃሉ! ስትወጣ 300 ዶላር ገደማ ነበረች። የቁልፎቹ አቀማመጥ ከትልልቆቹ ክለብ ማሽኖች የተቀዳ ነው፣ የምትከፍተውም ሬኮርድቦክስን ነው። ጋሼ ያሉት አውራ ጣት በአሥራ አምስት ዓመቱ ሄደ።

ጃክና ገመድ

አሜሪካ ስላነሣችሁ፣ የሴራቶን ጉዳይ አትዝለሉት። ለእኔ ከማሽኖቹ ሁሉ በላይ የሚገርመው እሱ ነው።

ሴራቶ የኒውዚላንድ ድርጅት ነው። ዋና ሥራው ማሽን ሳይሆን ሶፍትዌር ነው። በ2004 ከሬን ጋር ሆኖ ስክራች ላይቭን አወጣ። ባለ ልዩ ምልክት ሸክላ ታስቀምጣለህ፣ እጅህ የሚያንቀሳቅሰው ግን ላፕቶፕ ውስጥ ያለውን ዘፈን ነው። ሂፕ ሆፕ የሚያጫውቱት ሁሉ ወደ እሱ ገቡ። በኋላ ከፓዮነሮቹም ከኢንሚውዚኮችም ማሽን ጋር መሥራት ጀመረ፣ ማለትም የሁለቱም ጎረቤት ነው።

በ2023 አልፋቴታ "ልግዛው" አለ። የራሱ ሬኮርድቦክስ እያለው! የኒውዚላንድ የንግድ ኮሚሽን ለወራት መርምሮ በሐምሌ 2024 አልፈቅድም አለ። አንዱ ስጋት ግልጽ ነው። ተፎካካሪ ድርጅት አዲስ ማሽን ሲሠራ ገና ገበያ ሳይወጣ ከሴራቶ ጋር እንዲሠራ ንድፉን ማሳየት አለበት። ሴራቶ የአልፋቴታ ከሆነ ምስጢርህን የምታሳየው ለማን ነው? ኢንሚውዚክ ጮክ ብሎ ተቃወመ፣ እኔም በእሱ ቦታ ብሆን እጮህ ነበር።

ታቦር፣ አንተን በቀጥታ አይነካህም። ግን "የትኛው ማሽን?" ብለን ስንከራከር እነሱ የሚጣሉት ዘፈኖችህ የተደረደሩበት ፕሮግራም የማን ይሁን በሚለው ነው።

ታቦር ሚክስ

ጋሼ፣ ሁላችሁም፣ አመሰግናለሁ። የአክስትየዋን ስልክ አለኝ፣ እደውላለሁ 😀

አንድ የቀረችኝ ነገር። ዴኖኑን ልገዛ ነው፣ ግን አልፎ አልፎ አዲስ አበባ ክለብ የሚጠራኝ ጓደኛ አለ። እዚያ ያለው ፓዮነር ነው። ሁለቱም ጋ የሚሠራ ፍላሽ ማዘጋጀት ይቻላል? ደግሞ ዴኖኑን ብሸጠው ይሸጣል?

ጋሽ ፌደር

ከሁለተኛው ልጀምር። ይሸጣል፣ ግን ትጠብቃለህ። መርካቶ ይዘኸው ብትወጣ ፓዮነሩ በሁለት ቀን ገዢ ያገኛል፣ ሌላው "እስቲ ለልጁ ላሳየው" እየተባለ ይከርማል። ይህንን ዋጋው ላይ አስብበት። በእኛ ሐምሌ 2016 ብሩ ሲለቀቅና 57 ብር ገደማ የነበረው ዶላር በሳምንታት ውስጥ ከመቶ ሲያልፍ፣ እጃቸው ላይ ቶሎ የሚሸጥ ዕቃ የነበራቸው ሰዎች ናቸው ያልተጎዱት። እኔ ያ ጨርቅ የለበሰው ማሽን ነበረኝ።

ሰርግ ዋና እንጀራህ ከሆነ ግን ዴኖኑን ውሰድ። በወር አንዴ ለሚጠራህ ክለብ ብለህ በሳምንት ሁለቴ መብራት አትፈልግ።

ፍላሹ ቀላል ነው። ዘፈኖችህን በሬኮርድቦክስ አሰናዳና በፍላሽ አውጣ። ክለብ ስትሄድ እንዳለ ይሠራል። ዴኖኑ ላይ ስትሰካው ደግሞ ልቀይረው ወይ ብሎ ይጠይቅሃል፣ እሺ በለው። ብዙ ዘፈን ካለህ ቆየት ይላል፣ ስለዚህ ቤትህ ጨርሰው እንጂ ሙሽሮች በር ላይ ቆመው አትጀምር። ፍላሹን መጀመሪያ ፋት32 (ፍላሹ ፋይል የሚያስቀምጥበት አንዱ ዓይነት) አድርገህ ፎርማት አድርገው። ኤንቲኤፍኤስ የሚባለው ሌላው ዓይነት ከሆነ ፓዮነሩ አያየውም፣ እኔ ጋ ተደውሎ "ማሽንህ ተበላሽቷል" ከተባልኩባቸው ሌሊቶች ግማሹ ይኼ ነው። ሁለት ፍላሽ ያዝ፣ አንዱን ቁልፍህ ላይ አንጠልጥለው። የመግቢያ ዘፈኑ ሁለቱም ላይ ይኑር።