የብራና ደጓሽ ክፍያ በየትኛው ወጪ ይመዝገብ?

ጤና ይስጥልኝ ወገኖቼ። ምሥራቅ ጎጃም ውስጥ የብራና መጻሕፍትን የሚጠብቅ አነስተኛ የበጎ አድራጎት ድርጅት እመራለሁ። ዲማና መርጡለ ማርያምን የመሰሉ ጥንታዊ ገዳማት ያሉበት አገር ነውና ሥራው አያልቅም።

አሁን የያዝነው ድጓ (የቤተ ክርስቲያን የዜማ መጽሐፍ) ክረምት ላይ ጣሪያ አፍስሶበት ገጾቹ ተጣብቀዋል፤ ዳር ዳሩን አይጥ በልቶታል። ለጋሹ የፈቀደው ለካሜራ ብቻ ነው። ብራናው ሳይጠገን ምኑ ፎቶ ይነሣል? ደጓሹ፣ ማለትም መጽሐፉን የሚጠግኑትና የሚጠርዙት መሪጌታም ቤተሰብ አላቸው፣ በነፃ አላሠራቸውም። የሒሳብ ሠራተኛችን ክፍያቸውን በአስተዳደር ወጪ ያዘው፤ የሲቪል ማኅበረሰብ ድርጅቶች አዋጅ 1113/2011 ደግሞ ይህ ወጪ ከጠቅላላ ገቢ 20 በመቶ እንዳይበልጥ ያዛል። ጥገናውኮ ራሱ ዓላማችን ነው! ኦዲት ያለፋችሁ እንዴት አስመዘገባችሁ?

ካህናቱም መጽሐፉ ከዕቃ ቤት አይወጣም ብለዋል፤ እውነታቸውን ነው። እዚያው ግቢ ውስጥ ለመሥራት የሚሆን የስምምነት ናሙና ያላችሁ እባካችሁ ላኩልኝ።